እትዬ መቀስና የጃንጥላ ከረጢቶቿ

የልብስ ሰፊዋ መስኮት ከመንገዱ ጋር እኩል ነው። የምትሠራበት ክፍል ምድር ቤት ስለሆነ፣ ከስፌት መኪናዋ ላይ ቀና ስትል የምታየው ሰማይ ሳይሆን ጫማ ነው። እዚያ ዕድሜዋን ከማሳለፏ የተነሣ ሰፈሩን በሙሉ ከጉልበት በታች ታውቀዋለች። ፊት ለፊት ያለው ቤት የምትኖረው መምህር በቀይ ጫማዋ ትለያለች፤ ተማሪ ያናደዳት ቀን ተረከዟ አስፋልቱን ሲቆጣው ይሰማል። የማዕዘኑ ባለሱቅ ከዓመት ዓመት በነጠላ ጫማ ነው፤ ከእግሩ ቀድሞ ጧ ጧ የሚለው ድምፅ ይደርሳል። ከላይ የሚኖሩት አከራይዋ እማማ ደግሞ ቡናማ ጫማቸውን እንቁላል የሚያስቀምጡ ያህል ቀስ አድርገው ነው የሚያሳርፉት።

"ሰው ፊቱን ማሳመር ተምሯል" ትላለች ሰፊዋ፣ የክሩን ጫፍ በከንፈሯ አርጥባ በመርፌው ቀዳዳ እያሾለከች። "እግሩን ግን ማንም አላስተማረለትም። ሆዱ ውስጥ ያለውን እየተናገረ ይሄዳል።"

ሰፈሩ "እትዬ መቀስ" ይላታል። ስሙ የወጣላት በሥራዋ ብቻ አይደለም፤ ወሬ ሲረዝም ትቆርጣለች። ባሏ ገና የጫጉላ ሰሞን እጇን ይዞ "እኔ እኮ ላንቺ ያለኝ ፍቅር ከየት እንደሚጀምር…" ሲል፣ "ገባኝ፤ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ጠጣ" አለችው ይባላል። ባሏ የቤት ቀለም ቀቢ ነው። ግድግዳ ላይ ሁለተኛና ሦስተኛ እጅ ሳይደርብ እንደማይረካ ሁሉ፣ ወሬም ላይ እንደዚያው ነው። እሱ ይቀባል፣ እሷ ትቆርጣለች። ትዳራቸው በዚህ ተዋዶ ይኖራል።

እትዬ መቀስ የምትቆርጥ እንጂ የምትጥል ሴት አይደለችም። አንገቱ የተበላ ሸሚዝ ሲመጣላት ኮሌታውን ፈትታ፣ ገልብጣ፣ መልሳ ትሰፋውና ሸሚዙ ሁለተኛ ወጣትነት ያገኛል። ይህንን ያሳየቻት ያሳደገቻት አክስቷ ናት። የክር ቁርጥራጩና የጨርቅ ብጣሹ በጆንያ ይጠራቀምና ትራስ ይሆናል፤ እሷና ባሏ ራሳቸውን የሚያሳርፉት በሰፈሩ ልብስ ሁሉ ትርፍራፊ ላይ ነው። አትክልት ያጠበችበት ውኃ ደረጃው ላይ በጣሳ ለተተከለችው አበባ ይሄዳል። መብራት የምታበራው ጥቁር ጨርቅ በጥቁር ክር ስትሰፋ ብቻ ነው፤ ሌላውን ጊዜ ፀሐይን ትከተላለች። ጠዋት ብርሃኑ በስተግራ ሲገባ የስፌት መኪናዋን ወደዚያ ትገፋለች፣ ቀኑ ሲዞር አብራ ትዞራለች፣ ማታ ላይ ቀኝ ግድግዳ ጋ ደርሳ ሥራዋን ትጨርሳለች። ወለሉ ላይ የመኪናዋ እግር የተጓዘበት መንገድ ተፍቆ ይታያል። አንዲት ሴት ከአንዲት ጠባብ ክፍል ሳትወጣ በየቀኑ ፀሐይን ሸኝታ መመለሷን ላስተዋለው፣ ያ ፍቀት ማለፊያ የጉዞ ካርታ ነው።

ይህን ሁሉ የምታደርገው ዓለምን ላድን ብላ አይደለም። የሚጣል ነገር ስታይ እጇን ይበላታል፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ጠላቷ ዝናብ ነበር። በደንብ ካሰቡት ግን ዝናቡ እንኳ አልነበረም፤ ፌስታል ነው።

በመንገዱ ዳር፣ ከመስኮቷ ራስጌ፣ የዝናብ ውኃ የሚሄድበት ቦይ አለ። ቦዩ ከደረጃዋ አፍ አጠገብ ሲደርስ ወደ አንድ ቱቦ ይገባል። ከማዕዘኑ ሱቅ የሚወጡት ስስ ሰማያዊና ጥቁር ፌስታሎች ዳቦ ወይም ስኳር ቤት አድርሰው ሲጣሉ፣ ነፋስ ያነሣቸዋል፣ ትንሽ ይጨፍራሉ፣ ከዚያ ሲደክማቸው ቦዩ ውስጥ ይወድቃሉ። ቱቦው አፍ ላይ ተገናኝተው ተቃቅፈው ይቀመጣሉ። ዝናብ ሲመጣ ውኃው አፉ የተዘጋ ቱቦ ያገኛል። ዞር ሲል የእትዬ መቀስን ደረጃ ያያል። እንደ ደንበኛ አንድ በአንድ እየረገጠ ይወርዳል።

ያለፈው ክረምት የመጣው ውኃ ቁርጭምጭሚት ያህል ነበር። ዝቅ ብለው የተሰቀሉት ልብሶች ሁሉ ጠጡ። የመምህሯ ግራጫ ኮት እስከ ኪሱ ድረስ ቡናማ ሆነ። እማማ ወርደው በሩ ላይ ቆሙ፤ ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳሰሱትና መዳፋቸውን አዩት።

"ልጄ፣ አንቺን ጠልቼ አይደለም" አሉ። "የቤቱ መሠረት ነው። ግድግዳዬ ሻይ ውስጥ እንደገባ ዳቦ እየራሰ ነው። የሚመጣው ክረምት ደግሞ ውኃ ከገባ፣ ይህን ክፍል በድንጋይና በአፈር አስሞላዋለሁ። ሌላ ምርጫ የለኝም።"

እትዬ መቀስ የዚያን ቀን ወሬ አልቆረጠችም። እማማ ከሄዱ በኋላ ግን መስኮቷን አየች። ድንጋይና አፈር ሲሞላ እሱም አብሮ ይጠፋል። ቀይ ጫማውን፣ ነጠላ ጫማውን፣ ያንን ሁሉ እግር ማን ሊያየው ነው? ሌላ ሰፈር ሌላ ክፍል ተከራይቶ መሥራት ይቻል ይሆናል፤ ሰው ግን መርፌውን ይዞ ይሄዳል እንጂ መስኮቱን ይዞ አይሄድም።

ዝናቡ እንዳባራ ባሏና ጎረቤቶቿ ተሰብስበው ቦዩን ጠረጉ። ባሏ ረጅም ሜንጦ አሠርቶ የቱቦውን አፍ ከፈተው፤ ውስጡ ያለው የፌስታል ክምር ሲጎተት አላልቅ አለ፤ ፍራሽ የሚተረተር ይመስል ነበር። ሁሉም አጨበጨበለት። በጋው ሳይጋመስ ግን እትዬ መቀስ በመስኮቷ ስታይ አንዱ ሰማያዊ ፌስታል እየተንከባለለ ሄዶ ቦዩ ውስጥ ጠፋ። ከኋላው ሌላ ተከተለው። መጥረግ ብቻውን እንደማያዋጣ ያኔ ገባት። ሜትሯን ከአንገቷ ሳታወርድ ቀጥ ብላ ሱቅ ሄደች።

"አንተ፣ ፌስታል መስጠት ተው።"

ባለሱቁ ሳቀ። "እትዬ፣ ሰውን ምን ልበለው? ስኳሩን በኪስህ፣ ሩዙን በኮፍያህ ልበለው?"

"ከቤቱ መያዣ ይዞ ይምጣ።"

"እሺ፣ ይዞ ይምጣ። ይዞ ለመጣ ፌስታል አልሰጥም፤ እኔም በተገላገልኩ። ባዶ እጁን የመጣን ደንበኛ ግን እንዲህ ብዬ ልመልስ?" ሁለት መዳፎቹን ዘርግቶ አሳያት። "መያዣ ያምጡልኝ እንጂ እኔ አፌን እዘጋለሁ።"

"አፍህን እንኳ አትዘጋም" አለችና ወጣች። ግን አልተናደደችም። ሰውየው ልክ ነው። መያዣው ከየት ይምጣ?

መልሱ ከስፌት ጠረጴዛዋ ሥር ተቀምጦ ይጠብቃት ኖሯል። ኃይለኛ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ሰፈሩ ጃንጥላ ይጥላል። ብረቱ ይሰበራል፣ ጨርቁ ይገለበጣል፣ ሰው ይረግምና ቆሻሻ ላይ ወርውሮት ይሮጣል። እትዬ መቀስ ደግሞ ከዓመት ዓመት እየለቀመች፣ አጥንቱን አውልቃ ለብረት ለቃሚ፣ ቆዳውን አጥባ ለራሷ ታስቀምጥ ነበር። ለምን እንደሆነ አታውቅም፤ እጇን ስለበላት ነው። አሁን ጆንያውን ጠረጴዛው ላይ ስትገለብጠው ክፍሉ አበበ። ቀይ ከነነጠብጣቡ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ዝንጉርጉር፣ ሐምራዊ ከነነጭ አበባው። ውኃ የማያስገባ ጨርቅ፣ እንደ ቅጠል የቀለለ፣ ሲጎትቱት የማይቀደድ።

"አንተ ሰውዬ፣ ና እይ!" ብላ ባሏን ጠራችው።

"ምን ተገኘ?"

"የገበያ መያዣ!"

ለሳምንታት መኪናዋ አላረፈም። የጃንጥላው ሽንሽኖች እንደገና ተጋጠሙ፣ ጠርዛቸው ተቀመቀመ፣ እጀታ ወጣላቸው። የተጣጠፈ ጃንጥላ የሚታሠርባት ያቺ ትንሽ ማሠሪያ ከነቁልፏ ከረጢቱ ጎን ላይ ተሰፋች፤ ከረጢቱ ሲታጠፍ በሷ ይታሠርና ኪስ ውስጥ የሚገባ ትንሽ ጥቅልል ይሆናል። እትዬ መቀስ ለያንዳንዱ ቤት ሰዉን እያሰበች ቀለም መረጠች። ቀዩ ለመምህሯ፣ ሰማያዊው ለባለሱቁ። ለእማማ ደግሞ ሐምራዊውን፤ ነጮቹ አበቦች ፊት ለፊት እንዲውሉ ሦስት ጊዜ ፈትታ ሰፋችው።

ሰፈሩ ጉድ አለ። በር እያንኳኳች ስትሰጥ አንዳንዱ አቀፋት፣ አንዳንዱ ሳማት። ባለሱቁ ከረጢቱን በሁለት እጁ ዘርግቶ ወደ ብርሃን አነሣውና "እትዬ፣ ይሄ እኮ ሊለበስ ይችላል" አለ። እማማ ነጭ አበቦቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ዳበሷቸው።

በማግሥቱ እትዬ መቀስ በጊዜ ተነሥታ መስኮቷ ሥር ተቀመጠች። የገበያ ሰዓት ደረሰ። ቀይ ጫማ አለፈ። ከጎኑ ጥቁር ፌስታል ተንጠልጥሏል። ነጠላ ጫማ አለፈ፤ ሰማያዊ ፌስታል። ሌላ እግር፣ ሌላ ፌስታል። ቡናማው ጫማ ቀስ እያለ አለፈ፤ የእማማ ፌስታል ድንቹ ከብዶት ወደ ታች ተለጥጦ መሬቱን ሊነካ ምንም አልቀረውም።

ሳምንቱ እንዲሁ አለፈ። ቀጣዩም። አንድም የጃንጥላ ከረጢት በመስኮቷ አላለፈም።

"እጄ አመድ አፋሽ ነው" አለች ለባሏ።

"ምናልባት አላማራቸው ይሆናል" አለ እሱ። ወዲያው አየችውና ጨመረ፤ "ማለቴ፣ ዓይን የላቸውም ማለቴ ነው።"

ማወቅ ነበረባት። የእማማን መጋረጃ ልለካ ብላ ወደ ላይ ወጣች። መጋረጃውን ለመለካት ምንም ምክንያት አልነበረም፤ እማማም አልጠየቁም። ሻይ ቀዱላት። እትዬ መቀስ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ ስለማትችል ሁለት ጊዜ ጠጥታ ኩባያዋን አስቀመጠች።

"እማማ፣ ከረጢቱን ጠልተውታል?"

"ምን?" እማማ ልባቸውን ያዙ። "ማነው ያለሽ? ማነው ነገር ያመላለሰው?" ብድግ ብለው ቁም ሣጥናቸውን ከፈቱ። ከአንሶላዎቹ ሥር ፌስታል አወጡ። ከፌስታሉ ውስጥ ሌላ ፌስታል ወጣ። ከሱ ውስጥ ሐምራዊው ከረጢት፣ ተተኩሶ፣ ተጣጥፎ፣ በትንሿ ማሠሪያው ታሥሮ ወጣ። "ይኸውልሽ። አቧራ እንኳ አልነካውም!"

እትዬ መቀስ ከረጢቱን ተቀብላ አገላበጠችው።

"ለምን… ለምን ገበያ አልያዙትም?"

"ይህን የመሰለ ነገር ድንች ልጨምርበት?" አሉ እማማ፣ በእውነት ደንግጠው። "አፈር ላስነካው? ነውር አይደለም?"

እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች ሳታውቀው ደረጃውን ወረደች። በየቤቱ ዞረች። በየቤቱ ያው ነው። መምህሯ ቀዩን ከረጢት ሳሎኗ ግድግዳ ላይ በምስማር ሰቅላዋለች፤ እንግዳ ሲመጣ ታሳያለች። ባለሱቁ ከመደርደሪያው በላይ፣ ከእናቱ ፎቶ ጎን አድርጎታል። ሌላው ለልጁ ምርቃት ያስቀመጠው አለ። ሁሉም እንደ ዓይናቸው ብሌን ይጠብቁታል። አብዛኛው ደግሞ እንዳይቆሽሽ ብሎ ፌስታል ውስጥ ከቶታል።

"ያዙት እንጂ! ለሥራ ነው የሰፋሁት!" አለቻቸው።

"እሺ እትዬ" አሏት ሁሉም። በማግሥቱ በመስኮቷ ያለፈው ፌስታል ነው።

ደመናው መሰብሰብ ጀምሮ ነበር። አንዳንድ ከሰዓት የሩቅ ነጎድጓድ ይሰማል፣ እንደ ጠረጴዛ መጎተት። እትዬ መቀስ በሰማችው ቁጥር ፔዳሉ ላይ ያለው እግሯ ቀጥ ይላል። ከዚያ ቀና ብላ መስኮቱን ታያለች፤ ነገ የሚሄድ ዘመድን እንደሚያዩት አድርጋ።

በዚህ መሐል መምህሯ መጣች። ከረጢቱን የሰቀለችበት ምስማር እጀታውን ቀዶባታል። ኀዘኗን ላየው፣ ሰው የሞተባት ትመስል ነበር።

"ተይው፣ አሁን አሰፋልሻለሁ" አለች እትዬ መቀስ። ሰፍታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ባሏ ያን ቀን የሆነ መሥሪያ ቤት አጥር አረንጓዴ ሲቀባ ውሎ ርቦት ገባ። ዳቦ አየ። ዳቦውና ከረጢቱ ጎን ለጎን ነበሩ። ሰውየው እጁን ሰደደ፣ ዳቦውን ከማንሣቱ በፊት ጠረጴዛውን ደገፍ አለ፣ ደገፍ ያለው ግን ጠረጴዛውን አልነበረም። አውራ ጣቱ ከነመስመሯ፣ አረንጓዴ ሆና፣ በቀዩ ከረጢት መሐል ቁጭ አለች።

"አንተ ሰውዬ!"

"ቀለሙ የደረቀ መስሎኝ…"

"ውጣ! ዳቦውን አስቀምጥና ውጣ!"

"ዳቦውን ይዤ ብወጣስ?"

በቤንዚን አሹት፣ በሳሙና ፈተጉት። የጣት አሻራው ንቅንቅ አላለም። መምህሯ ስትመጣ እትዬ መቀስ ከረጢቱን ዘርግታ ሰጠቻት። መምህሯ አየችው። ከንፈሯን ነከሰች። "ግድ የለም እትዬ፣ ግድ የለም" አለችና ደረጃውን ወጣች። ቀዩ ተረከዝ ግን እስከ ቤቷ ድረስ አስፋልቱን ሲወቅስ ተሰማ።

በማግሥቱ ጠዋት እትዬ መቀስ ክር ስትቀይር ቀይ ጫማ በመስኮቷ አለፈ። ከጎኑ ቀይ ነገር ተንጠልጥሏል። አየች። ዓይኗን አሸች። ቀዩ ከረጢት ነው፤ በድንች ሆዱ ተነፍቶ፣ ከአፉ የሽንኩርት ቅጠል ብቅ ብሎ፣ አረንጓዴዋ ጣት መሐሉ ላይ እያበራች።

ሜትሯ አንገቷ ላይ እየተወዛወዘ፣ አንድ እግሯ ላይ ብቻ ጫማ አድርጋ ወደ መንገዱ ሮጠች። "መምህር! መምህር! ያዝሽው!"

መምህሯ ደንግጣ ቆመች። "ከተበላሸ ወዲያ ምን እሳሳለታለሁ ብዬ ነው" አለች እያፈረች። ከዚያ ከረጢቱን ከፍ ዝቅ አድርጋ መዘነችው። "ግን እትዬ፣ እንዴት ይመቻል! እጄን እንኳ አይቆርጠኝም። ፌስታሉ እኮ ጣቴን ሊበጥሰው ነበር።"

እትዬ መቀስ በመንገዱ መሐል በአንድ ጫማ ቆማ አረንጓዴዋን ጣት አየች። ሰው አዲስ ነገርን የሚፈራው የመጀመሪያዋን እድፍ እሱ እንዳያደርጋት ነው። ታዲያ ያቺን የመጀመሪያ እድፍ ሌላ ሰው ቢያደርግለትስ?

ደረጃውን ወርዳ፣ ያኮረፈችውን ባሏን በስም ጠራችው። እሱ በስሙ ሲጠራ ደስታም ድንጋጤም ስለሚሆን ብድግ አለ።

"ቀለምህን አምጣ።"

"የቱን ቀለም?"

"ሁሉንም።"

ከዚያ በየቤቱ ላከች። "ስፌቱ ላይ ስህተት ተገኝቷል፤ ከረጢቱን መልሱልኝ፣ ላስተካክለው" ነው መልእክቷ። ሰዉ ተጨንቆ አመጣ። እያንዳንዱ ከረጢት ከነፌስታሉ መጣ። የተላጠው ፌስታል ጠረጴዛው ጎን ተቆልሎ የሰው ቁመት ሊያህል ሲል፣ ባሏ "እኚህን ሳያቸው ለቦዩ አዘንኩለት" አለ።

ያልመጣው የእማማ ብቻ ነበር። እማማ መልሰው የላኩት ቃል አጭር ነው። "የእኔ ከነስህተቱ ይቅርልኝ፤ ወድጄዋለሁ።"

ባልና ሚስት ሥራ ጀመሩ። እሷ ከረጢቱን ትወጥራለች፣ እሱ ብሩሹን ያስፈነጥራል። ቢጫው ላይ ሰማያዊ ጠብታ፣ ሰማያዊው ላይ ብርቱካናማ። የሰውየው ደስታ ልክ አልነበረውም፤ ዕድሜውን ሙሉ ቀለም እንዳይንጠባጠብ ሲጠነቀቅ ኖሮ፣ ዛሬ አንጠባጥብ ተባለ።

"አንድ ጠብታ አልኩህ! አንድ!"

"ይቺኛዋ ብቸኝነት ተሰምቷት ነው…"

"ገባኝ፣ ገባኝ። ቀጥል።"

ባለቤቶቹ ሲመጡ ጉድ ፈላ። አንዷ ጮኸች፣ አንዱ አኮረፈ፣ ለልጁ ምርቃት ያስቀመጠው ሰውዬ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። ባለሱቁ ሰማያዊውን ከረጢት አገላብጦ አየ። ብርቱካናማዋ ጠብታ እንደ ትንሽ ፀሐይ ታየችው።

"እትዬ፣ ይሄ ምንድነው?"

"ስህተቱ ነው።"

"ስህተቱን ሊያስተካክሉ አልነበር የወሰዱት?"

"አስተካከልኩት።"

ባለሱቁ ከረጢቱን አየ፣ እሷን አየ፣ ጥግ ላይ የተቆለለውን ፌስታል አየ። ነገሩ ቀስ ብሎ ፊቱ ላይ ሲገባው ይታይ ነበር። መጀመሪያ የሳቀው እሱ ነው። ሲስቅ ደግሞ ሰው ያጋባል፤ ለልጁ ምርቃት ያስቀመጠው ሰውዬ ሳይቀር ወንበሩ ላይ ሆኖ ትከሻው ተንቀጠቀጠ።

ከዚያ በኋላ መስኮቱ ሌላ መስኮት ሆነ። ጠዋት ጠዋት በእግሮቹ መሐል ቢጫው፣ ሰማያዊው፣ ዝንጉርጉሩ እየተወዛወዘ ያልፋል፤ መንገዱ በራሱ ልብስ ያሰጣ ይመስላል። ጠብታ ያላት ከረጢት ባለ ጠብታ መሆኗ ኩራት ሆነ። "የኔ አረንጓዴ ናት"፣ "የኔ ሁለት ናቸው፣ እንደ ዓይን" መባባል መጣ። አንዱ ከረጢቱን አሣ ከቶበት አጥቦ አስጥቶ እንደገና ያዘው፤ ሌላዋ እርጥብ ልብስ ይዛበት ከወንዝ ተመለሰች። ባለሱቁ ፌስታሉን ከባንኮኒው ላይ አንሥቶ ከመደርደሪያው ጀርባ ወሰደው። ለጠየቀው እንኳ ለማምጣት አንድ ክፍለ ዘመን ይፈጅበታል። "ቆይ እየፈለግኩ ነው፣ የት አባቱ ገባ" ይላል፣ ደንበኛው ተስፋ ቆርጦ ከረጢቱን ሊያመጣ እስኪሄድ ድረስ።

ቦዩንም እንደገና ጠረጉት። በዚህኛው ጊዜ ተጠርጎ እንደተጠረገ ቆየ።

የክረምቱ የመጀመሪያ ዝናብ የመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። ሰማዩ ባንዴ ጠቆረ፤ እትዬ መቀስ ስትከተለው የዋለችው ብርሃን ከመኪናዋ ላይ ድንገት ተነሥቶ ሄደ። ልብሶቹን ሁሉ ከፍ አድርጋ ሰቀለች። የደንበኛ ጨርቅ መደርደሪያው አናት ላይ ወጣ። ከዚያ መጥረጊያ ይዛ ደረጃው ሥር ቆመች። መጥረጊያ ጎርፍ እንደማያቆም ታውቃለች፤ ባዶ እጇን መቆም ግን አልቻለችም። ባሏ ሜንጦውን ይዞ ላይ፣ ቱቦው አፍ አጠገብ፣ እስከ አጥንቱ ርሶ ቆሟል።

"መጣ!" ብሎ ጮኸ።

ድምፁን ሰማችው። ውኃው ቦዩን ሞልቶ፣ ቅጠልና አፈር እየገፋ መጣ። ደረጃዋ አፍ አጠገብ ሲደርስ ትንሽ ቆም ያለ መሰላት። ዞር ብሎ የለመደውን ደረጃ ያየ መሰላት። ትንፋሿን ያዘች። ከዚያ ጉልቅ፣ ጉልቅ፣ ጉልቅ የሚል ድምፅ መጣ፤ ሲጠማ የከረመ ሰው የሚጠጣው ዓይነት። ቱቦው ሁሉንም እየዋጠ ነበር። ባሏ ላይ ሆኖ አንድ ነገር ይጮሃል፤ ነጎድጓዱ ይበላበታል። ወሬው ግን ረጅም እንደሆነ ከእጁ ውዝወዛ ታውቃለች።

በመስኮቷ ቡናማ ጫማ አለፈ። እየሮጠ ነበር! እትዬ መቀስ ያንን ጫማ ሲሮጥ አይታው አታውቅም። ወዲያው እማማ ደረጃውን እየወረዱ መጡ። ጭንቅላታቸው ላይ ሐምራዊውን ከረጢት እስከ ቅንድባቸው ድረስ አጥልቀዋል፤ ነጮቹ አበቦች ዙሪያቸውን አክሊል ሆነው ውኃ ያንጠባጥባሉ። በቀሚሳቸው እቅፍ ቲማቲም ይዘዋል።

"እማማ! ምን ሆነው ነው?"

"ሱቅ ነበርኩ" አሉ እያለከለኩ። "ከረጢቱን ኪሴ ይዤው ነበር፤ ቲማቲም እንዳይነካው ብዬ በቀሚሴ ያዝኩት። ከዚያ ሰማዩ ተቀደደ። ምን ላድርግ? ለራሴ አጠለቅኩት።" ከጨርቁ ሥር እጃቸውን ሰደው ፀጉራቸውን ዳሰሱ፣ ዓይናቸው ፈጠጠ። "አንቺ! ጠብ አላለብኝም እኮ!"

"ጃንጥላ ነበራ፣ እማማ። ሥራውን አልረሳም።"

ቲማቲሙን የመቁረጫ ጠረጴዛው ላይ አራገፉት። ከዚያ የመጡበት ነገር ትዝ አላቸው። ጎንበስ ብለው ወለሉን በመዳፋቸው ዳሰሱ። ወደ ጥጉ ሄደው ግድግዳውን ከሥሩ ዳሰሱ። መዳፋቸውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሡና አዩት። ደረቅ ነው። እትዬ መቀስ መጥረጊያዋን እንደያዘች ነበር።

እማማ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ከረጢቱን ከራሳቸው አውልቀው ጭናቸው ላይ ዘረጉት። ሲሮጡ የረጨው ጭቃ በአንዱ ነጭ አበባ ላይ ተንጠባጥቧል። እማማ በጣታቸው ሊያነሡት ሞከሩ፣ አልለቀቀም። እትዬ መቀስ ሲያዝኑ ለማየት ተዘጋጅታ ነበር፤ እሳቸው ግን ሳቁ።

ባሏ ውኃ እያንጠፈጠፈ ገባ። "አየሽው? ዋጠው እኮ! መጀመሪያ ላይ እንዲህ አለና…"

"አንተ ልጅ" አሉ እማማ፣ "ያቺ ጠብታህ ተርፋለች?"

ሰውየው ውኃውን ከፊቱ ጠረገ። "ምን ዓይነት ቀለም ይፈልጋሉ እማማ?"

"እንግዲህ…" አሉና እማማ ከረጢቱን ወደ ብርሃን አነሡት። "ከዝናቡ በኋላ በዚህ መስኮት ሳልፍ ልጄ እንድትለየኝ ነው። ቢጫ እንዳልል ባለሱቁ ጎን ያለችው ሴትዮ ይዛዋለች። አረንጓዴው የመምህሯ ነው። ነጭ እንዳይሆን አበባው ነጭ ነው። ደግሞ ለየት ያለ እንዲሆን፣ ግን ዓይን የማይወጋ፣ ግን ከሩቅ የሚታይ…"

ወሬያቸው ረዘመ። ቲማቲሞቹ ጠረጴዛው ላይ ተንከባልለው ከመቀሱ ጋር ሲጋጩ ቆሙ። እትዬ መቀስ መጥረጊያዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ ከእማማ አጠገብ በርጩማ ስባ ተቀመጠች፤ በመስኮቱ የሚያልፈውን ውኃ እያየች፣ አንድም ቃል ሳትቆርጥ እስከ መጨረሻው አዳመጠቻቸው።